ከለገሀር ለገሀር፦ ፍል ውሃን መሀል አድርጎ የሚዞር የእግር መንገድ

እግረኛው · ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት።

ባለፈው ወር ለሥልጠና ሞምባሳ ከርሜ መጣሁ። ማታ ማታ ሥራችን መራመድ ነበር። ፖርቱጋሎች በፈረንጆቹ 1593 መገንባት ከጀመሩት ፎርት ጂሰስ ከሚባለው ምሽግ እንነሳለን። የድሮውን ከተማ ጠባብ መንገዶች እያቋረጥን፣ ባሕሩን በጎን እያየን፣ ዞረን እዚያው እንመለሳለን። አንድ ቀን አብሮኝ የሠለጠነ ኬንያዊ "አዲስ አበባስ እንዲህ የሚዞሩበት መንገድ አላት?" አለኝ። "ሞልቷል!" አልኩት። ውሸቴን ነበር። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ከተማዬን የማውቃት በሚኒባስ መስኮት ነው። በእግሬ የማውቀው ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራ ያለውን ብቻ።

ስመለስ ነገሩ ከነከነኝ። ካርታ ዘርግቼ አንድ ዙር አወጣሁ።

መነሻው ለገሀር፣ አንበሳው ሐውልት ሥር። በስታዲየም በኩል መስቀል አደባባይ። ከዚያ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ፤ በቀኝ አፍሪካ አዳራሽ፣ በግራ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ከፍ ሲሉ ሂልተን። ቀጥሎ የታላቁን ቤተ መንግሥት አካባቢ አልፎ አራት ኪሎ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል፣ ከድልድዩ ፒያሳ ሽቅብ። በመጨረሻ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዞ ቁልቁል፣ ብሔራዊ ትያትር፣ ለገሀር። ስልኬ ከ8 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል አለኝ።

አሁን ካርታውን እዩት። የዙሩ መሀል ፍል ውሃ ነው። አስቤበት አይደለም፤ እንዲሁ ሆነ። ግን ሲገባኝ ሳቄ መጣ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ብርድ ወርደው፣ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው፣ ስሙንም "አዲስ አበባ" ባይሉት ኖሮ ይቺ ከተማ እዚህ ባልሆነች። ባሕር የለንም እንጂ የተቆረቆርነው እንደ መታጠቢያ ከተማ ነው። ሰው ገላውን ሊታጠብና ሊያርፍ በወረደበት ውሃ ዳር።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። አቅጣጫው ልክ ነው ወይስ መገልበጥ አለበት? የትስ ይታረፋል? የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ባሕር ዛፍ · ሰኞ ከምሽቱ 2፡58

ማነው ባሕር የለንም ያለው? ባሕር ዛፍ አለን!

ቀልዴን አይደለም። አፄ ምኒልክ ይህን ዛፍ ከባሕር ማዶ ባያስመጡ ኖሮ የምትዞረው ከተማ አይኖርም ነበር። ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር እኮ። ዛፉ ቶሎ ቶሎ በቀለና ከተማው ባለበት ቀረ። ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ። ስለዚህ ሞምባሳ ሄደህ አትቅና።

ሯጭ ነኝ ባይ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡15

አቅጣጫህ ልክ ነው። እኔ በዚህ መስመር ዓመት ሙሉ ሮጫለሁ። ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ያለው ዳገት ረጅም ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ቸርችልን ግን ሽቅብ የሚወጣ ሰው ጠላቴ ነው። ከብሔራዊ ትያትር ቀና ብለህ ማዘጋጃ ቤቱን ስታየው ቅርብ ይመስልሃል። አይደለም። እየሄድክ እየሄድክ እሱ እዚያው ነው።

ከለገሀር እስከ ጊዮርጊስ ከፍታው 100 ሜትር ያህል ይለያያል። ሲሉት ትንሽ ነው። ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን መሆኑን አትርሳ። እንግዳ ከሞምባሳ ብታመጣ አፍሪካ አዳራሽ ሳይደርስ ምላሱን ያወጣል።

ጫማ ላይ አንድ ምክር። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ደረቅ ሲሆን ቆንጆ ነው። ክረምት ላይ ግን አንዳንዱ ቦታ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርጋችሁ አትውጡ። እኔ ሐምሌ ላይ በቂጤ ወርጃለሁ። ያየኝ ሊስትሮ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ "ፍሬን ተበጠሰ?" ይለኛል።

ሰላማዊት ነኝ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡22

ደስ ይላል። ግን ወንዶቹ ሁሌ የምትረሱትን ልጠይቅ። መጸዳጃ ቤት የት አለ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዞረው? ብቻዬን ብሄድስ?

እግረኛው · ሰኞ ከምሽቱ 3፡30

እውነትሽን ነው እህቴ፣ አላሰብኩበትም። የምታውቁ ንገሯት።

ትርሲት ዘአራዳ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡51

ሰላማዊት፣ እኔ ልንገርሽ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየሁለት ሳምንቱ እወጣለሁ። የምንሄደው እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ መኪና የለም፣ ፀሐይ አይመታም፣ ስፖርት የሚሠራው ሰው ብዛት ራሱ ጥበቃ ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የሚዘለውን ሕዝብ ብታዪ ከተማው በሙሉ የጂም አስተማሪ ሆኗል ትያለሽ።

መጸዳጃ ያለው መስቀል አደባባይና ፒያሳ አካባቢ ነው። አዲስ የተሠሩ የሕዝብ መጸዳጃዎች አሉ፤ ዝርዝር ብር ያዢ። በመሀል ካስቸገረሽ ካፌ ገብተሽ ማኪያቶ ማዘዝ ነው። የታወቀ ዘዴ ነው፤ አስተናጋጆቹም ያውቁታል።

ነጠላ በቦርሳሽ ያዢ። ሥላሴና ጊዮርጊስ መንገድሽ ላይ ናቸው፤ ሳትገቢ ማለፍ ያስቆጫል። ከጨለመ በኋላ ድልድዩ አካባቢ እኔ ብቻዬን አልሄድም። መብራቱ ደህና ነው፤ ግን ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

የቸርችል ሽማግሌ · ሰኞ ከምሽቱ 4፡10

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እኔ ሰባውን አልፌያለሁ። ያደግሁት ከለገሀር ብዙም ሳይርቅ ነው። እግረኛው ባሕር የለንም ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለገሀር እኮ የባሕሩ በር ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው እዚህ ይቆም የነበረው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፤ አሁን የምታዩት ጣቢያ የተመረቀው ደግሞ በ1922። ልጅ ሆነን ባቡር ሲገባ ሮጠን እንሄድ ነበር። የሚወርደው ሰው ላዩ ላይ ሌላ ሽታ ነበረው። ሙቀት፣ ጨው፣ ዓሣ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ "ባሕር ነው የሚሸተው" ይለኝ ነበር። ባሕርን ያየሁት ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያወቅሁት ግን ለገሀር ነው።

ስሙንም ብዙ ልጆች አያውቁትም። ፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" ሲሉ፣ ጣቢያው ማለታቸው ነው። እኛ ለገሀር አልነው፣ ቀረ።

ስለዚህ መነሻህን አትቀይር። ከባሕሩ በር ተነስተህ ፍል ውሃውን ዞረህ መመለስህ ነው።

እግረኛው · ሰኞ ከምሽቱ 4፡16

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ይሄን ለኬንያዊው ልኬለታለሁ። ከዚህ በኋላ ውሸታም አይደለሁም።

ጨዋታ አዋቂ · ሰኞ ከምሽቱ 4፡45

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ከፈቀዳችሁ ዙሩን በአንበሳ ልቁጠርላችሁ። እንግዶቼን ስወስድ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ልጆች በተለይ ይወዱታል።

አንደኛው አንበሳ መነሻው ላይ ያለው ነው። ሞዓ አንበሳ። የቆመው ለ1923ቱ የንግሥ በዓል ነው። ጣልያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወሰደው። በሰኔ 1930 ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ያን አንበሳ ባዕድ አደባባይ ቆሞ ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ። የከለከሉትን ሰዎች በጎራዴ ተጋፈጠ። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ እዚያው ቆመ። ዛሬ ሥሩ ቆመን ታክሲ እንጠብቃለን።

ሁለተኛው ብሔራዊ ትያትር ፊት ለፊት ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው የሠራው። ትያትር ቤቱ በ1948 ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ሲመረቅ ጊዜ የቆመ ነው። ሁለቱን አወዳድሯቸው። የለገሀሩ ጋማውም ጥፍሩም ተቆጥሮ የተሠራ ነው፤ የብሔራዊው ደግሞ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ቀለል ያለ። በመሀላቸው ሩብ ክፍለ ዘመን ብቻ ነው ያለው። እኔ የብሔራዊውን እወዳለሁ። እንግዶቼ በብዛት የለገሀሩን ይመርጣሉ። ከኋላው ከ200 ሜትር በላይ የቆመው የንግድ ባንክ ሕንጻ አንበሳውን ድመት አስመስሎታል የሚሉኝም አሉ።

ሦስተኛው ቸርችል ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በስም ብቻ። እሱን ከቆጠራችሁ በኋላ ማዶውን እዩ፤ በ1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ ይዞ ቆሟል። አንበሳና ኮከብ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ። ታሪካችን ሲጨመቅ ይሄው ነው።

ሌላ የማካፍላችሁ ጉዳይ አለ። አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ሰው አርቱሮ ሜዜዲሚ ይባላል። ከላይ ፒያሳ ያለውን ማዘጋጃ ቤትንም የነደፈው እሱ ነው። ስለዚህ ዙራችሁ ታችም ላይም በአንድ ሰው እጅ የተያዘ ነው። አዳራሹ በ1953 ተመረቀ። በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ያለውም እዚያው ነው። ከመንገድ ግን አይታይም፤ አስቀድሞ ቀጠሮ ካልተያዘ እንዲሁ አይገባም። ከውጭ የሚታየው አጥርና ባንዲራ ነው። እንግዳ ተስፋ ሰጥታችሁ እንዳትወስዱ።

ቀሽት ፎቶ · ሰኞ ከምሽቱ 5፡02

ካሜራ ይዛችሁ ለምትወጡ። እኔ አንዱ አጥር አጠገብ ጃካራንዳ አበባ ላነሳ ቆሜ ጥበቃው መጣብኝ። አበባ ነው ብለው ማን ይሰማኛል! ግማሽ ሰዓት አስቁሞኝ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አስጠፋኝ። የእህቴ ልጅ ልደት ፎቶ ሳይቀር። የኬኩ ፎቶ ምን እንደሚያሰጋ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ምክሬ፦ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ አራት ኪሎ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ዓይናችሁ ያንሳ። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት ጋ ስትደርሱ አውጡት።

ፊንፊኔ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡20

ሰላም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን "ጣይቱ ባይወርዱ ኖሮ" የሚለው ላይ ትንሽ ልጨምር። እዚያ ውሃ ዳር ሰው አልጠፋም ነበር። ቦታው ፊንፊኔ ይባላል። ስሙም ከውሃው ከራሱ መፍለቅ ጋር የተያያዘ ነው። ኦሮሞዎች ይኖሩበት፣ ከብት ያጠጡበት ነበር። ስለ ውሃው የምታወሩ ከሆነ የመጀመሪያ ስሙን ዘላችሁ አትለፉ። ሌላ ክርክር አላነሳም።

እግረኛው · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡34

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ከተማው እንጂ ውሃው በ1879 አልተጀመረም። ለሰው ሳወራ ፊንፊኔ ከሚለው እጀምራለሁ።

ዳዊት ከመርካቶ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡05

ቁርስስ?

ትርሲት ዘአራዳ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡11

ወይ አንተ! ቁርስ ፒያሳ ነው፣ ሌላ ቦታ አይሞከርም። እስከዚያ ከግማሽ በላይ ሄደሃልና ይገባሃል። ቶሞካ ቆመህ አንድ ቡና ትጠጣለህ፤ ከዚያ ጣይቱ ሆቴል ገብተህ ትቀመጣለህ። በጥር 2007 ከተቃጠለ በኋላ አበቃለት ብለን አልቅሰን ነበር። እንጨት ወለሉ ሲንቋቋ አሁንም ደስ ይላል። ደግሞ አስበው፣ ውሃው ዳር ከተማ የቆረቆረችው ሴት ናት የመጀመሪያውን ሆቴልም ያሠራችው። መታጠቢያውን ካየች በኋላ እንግዳ የት ያድራል ብላ አሰበች ማለት ነው።

ምን ቀረ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡40

ይቅርታ ግን የምን ፒያሳ ነው የምታወሩት? በ2016 የፈረሰውን አላያችሁም? እኔ ያደግሁበት ግቢ አሁን ሣርና መብራት ነው። የጎረቤቶቻችን ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሰው ሰልፊ ይነሳል። እናንተ "ታሪካዊ የእግር ጉዞ" ትላላችሁ። ታሪኩ እኮ ሰዎቹ ነበሩ። ቡና ተጣጥተን፣ ዕድር ገብተን፣ ቀብር አብረን ወርደን። አሁን ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ የምራመድ አይመስለኝም፤ ለቅሶ የምደርስ ነው የሚመስለኝ።

ሯጭ ነኝ ባይ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00

ይገባኛል። ግን ድሮ በዚያ መንገድ መራመድ ይቻል ነበር እንዴ? አስፋልት ዳር ክፍት ቱቦ እየዘለልን፣ በሚኒባስና በዘበኛ ቤት መሀል እየተሹለከለክን ነው ያደግነው።

ሰላማዊት ነኝ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡18

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብል ትጣሉኛላችሁ። እናቴ በክራንች ነው የምትሄደው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ደረጃና ጉድጓድ የለበትም። ደርሳ ግን የምታውቀው ሱቅ አንድም አልቀረም። መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ "በሚቀጥለው ሳምንትም አምጪኝ" አለችኝ።

ምን ቀረ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡25

እማማን ሳሚልኝ።

የቸርችል ሽማግሌ · ማክሰኞ ከቀኑ 6፡30

ልጆች፣ ስለ መንገዱ ብዙ አላችሁ። ስለ ውሃው ግን ማንም የለም። ዝም ብላችሁ ትዞሩታላችሁ እንዴ?

እኛ ቤት ውስጥ ሻወር አልነበረም። በበዓል ዋዜማ አባቴ ሳሙናና ፎጣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ፍል ውሃ ይወስደኝ ነበር። ሰልፉ! ሙሽራ ሳይቀር ተራ ይጠብቃል። ትኬት ቆርጠን አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። እስክንጠራ ድረስ አባቴ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ሀገር ጉዳይ ይጫወታል። ራስና ሎሌ ሳይል ሁሉም ሰው ፎጣውን ብብቱ ሥር ይዞ እኩል የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ አላየሁም። ከዚያ ክፍላችን ይከፈታል። እንፋሎቱ ፊትህን ሲመታህ ትንፋሽ ያጥርሃል። ውሃው ከመሬት ሲመጣ ያቃጥላልና በቀዝቃዛ እያበረዱ ነው። ሽታ አለው፣ እንደ ክብሪት ነገር። አባቴ "ቁርጥማት ይነቅላል" ይል ነበር። የእኔን ጉልበት አልነቀለውም፣ ግን ስወጣ ሰውነቴ እንደ ላባ ነበር። ከዚያ ደጁ ላይ ብርቱካን ይገዛልኛል።

ሂልተን በ1962 ሲከፈት ያንኑ ውሃ ወደ ዋና ገንዳው አስገባው። ገንዳው ቅርጹ እንደ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ነው። አንድ ውሃ፣ ሁለት ደጅ። በአንዱ በኩል አምባሳደር ይዋኛል፣ በሌላው እኔና አባቴ ተራ እንጠብቃለን።

ዙሩን ስትጨርሱ ለገሀር አትሂዱ። ከብሔራዊ ትያትር ወደ ውስጥ ታጠፉ፣ 10 ደቂቃ ነው። ታጠቡ።

ባሕር ዛፍ · ማክሰኞ ከቀኑ 6፡41

ጋሼ፣ አሳመኑኝ። እኔ ፍል ውሃን የማውቀው እንደ ፌርማታ ስም ነበር።

ጨዋታ አዋቂ · ማክሰኞ ከቀኑ 7፡15

ጋሼ ውሃውን ካነሱ እኔ ባለቤቷን ላንሳ። እግረኛው፣ ከሂልተን ወደ አራት ኪሎ ስትወጣ በአታን አትለፋት። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ አሉ። ጣይቱ በ1910 እንጦጦ ነው የሞቱት፤ መጀመሪያም እዚያው ተቀብረው ነበር። በኋላ ነው ወደ ባላቸው ያመጧቸው። ሕይወታቸው ራሱ ዙር ነው። ከእንጦጦ ወረዱ፣ ውሃ ዳር ቤት ሠሩ፣ መጨረሻቸው ላይ እንጦጦ ተመለሱ፣ ከሞቱ በኋላ ደግሞ እንደገና ወረዱ።

ጊዜ ካላችሁ ጎረቤቱ አንድነት ፓርክ ነው። ከ2012 ጀምሮ ክፍት ነው፤ መታወቂያ ያዙ። እሱ ግን ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከእግር ጉዞው ጋር አትደራርቡት። ውሃ ማየት ብቻ ለፈለገ ደግሞ ወዳጅነት አደባባይ ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ማታ ማታ ፏፏቴው በሙዚቃ ሲጨፍር ልጆች ያብዳሉ። እኔን ግን ጋሼ ያሉት ክብሪት ክብሪት የሚሸተው ይበልጥብኛል።

ፒያሳ ስትደርሱም የምኒልክን ፈረስ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩት። ጣልያን አውርዶ ቀብሮት ነበር። ፈረሱ ግን ከነጌታው ተመልሷል። ከዚያ ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። እሳቸውም ለከተማው ቀላል ባቡር ግንባታ በ2005 ተነስተው በ2008 ነው የተመለሱት። በዚህ ዙር ላይ ያልተነሳና ያልተመለሰ ሐውልት መፈለግ ራሱ ጨዋታ ነው።

ዳዊት ከመርካቶ · ማክሰኞ ከቀኑ 7፡20

እኔ ለቁርሱ እመጣለሁ። ፒያሳ እጠብቃችኋለሁ።

እግረኛው · እሑድ ከቀኑ 9፡50

ሪፖርት።

ጠዋት 12፡50 ለገሀር ደረስኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እህቴ አብራኝ ነበረች፤ እንደ ትርሲት ምክር ነጠላዋንና ዝርዝር ብሯን ይዛ። አንበሳው ሥር አንድ ልጅ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። "ይሄ አንበሳ ሮም ሄዶ እንደነበር ታውቃለህ?" አልኩት። "በምን ቪዛ?" አለኝ።

መስቀል አደባባይ ቆመን ስፖርተኛውን አየን፤ አላፈርንም፣ አልተቀላቀልንም። ዳገቱን ከጠበቅኩት በላይ ወደድኩት። እሑድ ጠዋት ያ መንገድ ፀጥ ይላል፣ የዛፉ ጥላ መንገዱ ላይ ይተኛል። ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። በአታ ስንገባ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ወደ መቃብሩ ሳንወርድ ከውጭ ተሳልመን አለፍን። እህቴ "ለጣይቱ ሌላ ቀን ብቻዋን እንመጣለን" አለች።

ከአራት ኪሎ ድልድዩ ድረስ ጉልበቴ ከእኔ ጋር ነበር። ከድልድዩ ወደ ላይ ግን ትቶኝ ሄደ። ዳዊት ፒያሳ ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ሁለተኛ ቡናውን እየጠጣ ነበር። አንድም እርምጃ አልተራመደም። ቸርችልን ግን አብሮን ወረደ፣ ቁልቁል ስለሆነ።

ምን ቀረ፣ ሰፈርህ የነበረው አካባቢ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ቆመው ለልጅ ልጃቸው በከዘራ መሬቱን እየጠቆሙ ያሳዩ ነበር። "እዚህ ጋ በሩ ነበር፣ እዚህ ጋ ጓዳው" ሲሉ ሰማሁ። ሣሩ ላይ ቤቱን በሙሉ ሳሉት። ላንተ ልጽፈው አሰብኩ።

ብሔራዊ ጋ ስንደርስ በጋሼ ትእዛዝ ታጠፍን። ሰልፍ ነበር። አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት ስለ ኑሮ ውድነት ጀመሩ፣ ስለ ኳስ ጨረሱ። ከዚያ ተጠራሁ። ጋሼ፣ ሽታው እንዳሉት ነው። ክብሪት። ለሃያ ደቂቃ የት እንዳለሁ ረሳሁ። እግሬ ውስጥ የነበረው 8 ኪሎ ሜትር በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። ፎጣ። በሹራቤ ነው የደረቅኩት፤ እርጥቡን ለብሼ በጥቅምት ብርድ ታክሲ ጠበቅሁ። እህቴ እስከ ቤት ስትስቅ ነበር።

የቸርችል ሽማግሌ · እሑድ ከቀኑ 10፡05

ብርቱካን ገዛህ?

እግረኛው · እሑድ ከቀኑ 10፡07

ደጁ ላይ አጣሁ ጋሼ። ሙዝ ነው የነበረው።

ባሕር ዛፍ · እሑድ ከቀኑ 10፡20

በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አንበሳው ሥር። ሁለት ፎጣ እይዛለሁ። ጋሼ፣ ለእርስዎ ታክሲ ልከን ፍል ውሃ ደጅ እንገናኝ፤ ብርቱካኑ የእኔ ነው።